የአጋዘኑ ቀንድና የማሩ ጣት

በአንድ ወቅት፣ ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት፣ አጋም በር በሚባል አገር ግራዝማች ጓንጉል የሚባሉ ሰው ነበሩ። መሬታቸው ሰፊ ነበር። ጠዋት ከአንዱ ወሰን የተነሣ ፈረሰኛ ሌላው ወሰን ሳይደርስ ይመሽበታል። ሰፊ ነው ስላችሁ ታዲያ የጤፍ ማሳ እንዳይመስላችሁ። ጫካ ነው፣ ገደል ነው፣ እሾህ ነው። የሚኖርበትም አውሬ እንጂ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ከሩቅ የሚታይ ጭስ የሚወጣው ከአንድ ጣሪያ ብቻ ነው፤ እሱም የግራዝማች ቤት ነበር።

ግራዝማች በጉብዝናቸው ወራት ስማቸው የተጠራ አዳኝ ነበሩ። ጉብዝና ግን ልጅ አይሆንም። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ትርንጎ ጋር ዕድሜያቸውን ሙሉ ስለት ሲሳሉ ኖረው ሳይወልዱ ቀሩ። ወይዘሮ ትርንጎ ሲሞቱ አሽከሮቹ ጭር ያለው ቤት ከብዷቸው አንድ በአንድ ሄዱ። ቀጥሎ የግራዝማች ዓይን ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሰውየው እሳታቸውን በዳበሳ እያነደዱ፣ ቆሏቸውን ራሳቸው እየቆሉ፣ ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጫካውን በጆሯቸው ይጠብቃሉ። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ «ሚዳቋ ነሽ፤ ዕለፊ» ይላሉ። ዝንጀሮ ሲጮህ ይሳደባሉ። ራቅ ብሎ ለሚሰማቸው ሰው ከቤተሰብ ጋር የሚጫወቱ ይመስላል። ከውስጥ ግን የሚመልስላቸው አልነበረም።

ዘመድ የላቸውም አላልኩም። መሬት ያለው ሰው ዘመድ አያጣም። ይመጣሉ፣ «ጋሼ እንዴት ነዎት» ይላሉ፣ ይቀመጣሉ፤ ወዲያው ዓይናቸው ገደሉን ተሻግሮ ወሰኑን ይፈልጋል። ግራዝማች ዓይነ ስውር ቢሆኑም ይህን ያያሉ።

አንድ ቀን የነፍስ አባታቸው መምሬ ጥበቡ ሊጠይቋቸው መጡ።

«ግራዝማች፣ እንዲህ ብቻዎን እስከ መቼ?» አሏቸው። «ለምን የጡት ልጅ አይዙም?»

የጡት ልጅ ማለት እንዲህ ነው። ልጅ የሌለው ሰው አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ያወጣል። ልጅ የሚሆነው ሰው፣ ጢም ያበቀለ ቢሆን፣ ባል አግብታ የፈታች ብትሆን፣ በካህን ፊት ያንን ጣት ይጠባል። ከጠባ በኋላ ከአብራክ ከወጣ ልጅ አይለይም። አብሮ ይኖራል፣ ሲታመም ያስታምማል፣ ሲሞት «አባቴ» ብሎ አልቅሶ ይቀብራል፣ ይወርሳል።

 «ባገኝማ ደስ ባለኝ» አሉ ግራዝማች። «መሞት አልፈራም፣ መምሬ። የምፈራው ሞቼ ጅቡ ከሰው ቀድሞ እንዳያውቅ ነው። ግን ማንን? የሚመጣው ሁሉ አባቴ ይለኛል። እንዴት ልለይ?»

«ልብን እግዚአብሔር ያውቃል።»

«እኔ ደግሞ አደን አውቃለሁ» አሉ ግራዝማች።

እዚህ ላይ ስለ አጋዘኑ ልንገራችሁ። በዚያ መሬት ላይ አንድ ሽማግሌ አጋዘን አለ። ቀንዱ እንደ ተጠመዘዘ ጧፍ ዞሮ ዞሮ ወደ ላይ የወጣ፣ አንገቱ ሥር ሪዝ ያንጠለጠለ። ግራዝማች ዓይናቸው ከመጥፋቱ በፊት ደጋግመው ተከታትለውት አምልጧቸዋል። አጋዘን እንደ አሳማ ተሯሩጦ የሚገደል አውሬ አይደለም። ብዙ ወራት ጨው ያለምዱታል፣ መንገዱን ያጠኑለታል፣ ከዚያ ማማ ሠርተው ነፋሱን ጠብቀው ቁጭ ይሉለታል። ሳል አይሳልም፣ ትንባሆ አይጨስም።

ግራዝማች በመሬታቸው መካከል ከዋንዛ ግንድ የተፈለፈለ የጨው ገንዳ ነበራቸው። ለገንዳውም ሕግ አውጥተውለታል። ገንዳው ጋ ማን እንደሚመጣ፣ መቼ እንደሚመጣ ይታያል፤ ጥይት የሚተኮሰው ግን ራቅ ብሎ መንገዱ ላይ ነው። ገንዳው ላይ ደም አይፈስም። «ገበታ አቅርበህ የጠራኸውን እንግዳ ገበታው ላይ አታርደውም» ይሉ ነበር። በዚያ አገር ይህን ሕግ የጣሰ አዳኝ አልነበረም።

እናም ግራዝማች በመምሬ መስቀል ማሉ። «የሽማግሌውን አጋዘን ቀንድ አምጥቶ እጄ ላይ ያስቀመጠ፣ እሱ ልጄ ነው። ያንን አውሬ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የቻለ፣ እኔንም ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።»

«አውሬ መጠበቅና ሰው መጠበቅ አንድ ነው እንዴ?» አሉ መምሬ።

«ለእኔ አንድ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ወንድሞቼ የአባታችንን መሬት ሲካፈሉ ሲጋደሉ አይቻለሁ። ስለዚህ አንድ ልጅ ነው የምይዘው። ሁለት ጣት አላጠባም።»

ወሬው እንደ ተሰማ ዘመዶች ጠመንጃና ውሻ ይዘው አጋም በርን ሞሉት። ጮኹ፣ ተኮሱ፣ ውሻ አስጮኹ፣ ድግስ የመጡ ይመስል ጠላ ጠጡ። አጋዘኑ ገደል ወርዶ ጠፋ። እነሱም እሾኹ ሲበዛባቸው «አውሬው የለም፤ ሽማግሌው ጃጅቷል» ብለው ወደየቤታቸው ተመለሱ። ሲሄዱ ግራዝማችን የተሰናበተ እንኳ አልነበረም።

ሦስት ሰዎች ግን ቀሩ።

አንደኛው ጫንያለው ነው። ድሮ አሞሌ ጨው በበቅሎ እየጫነ ቆላ የሚወርድ ነጋዴ ነበር። በቅሎዎቹ በአንድ ወረርሽኝ ሲያልቁበት አጋም በር ላይ ቀረ። ግራዝማች ገንዳው አጠገብ ጎጆ ቀልሶ ጨው እንዲያስቀምጥ ፈቀዱለት። እናትም አባትም፣ ሚስትም ልጅም የለውም። የሚያነጋግረው ጨው ሊልስ የሚመጣውን አውሬ ነበር። ሽማግሌውን አጋዘን «ጋሼ» ይለዋል። «ጋሼ፣ ደህና አደሩ? ዛሬ ነፋሱ እንዴት ነው?» ይለዋል በአንቱታ። አትሳቁበት፤ ሌላ «ጋሼ» የሚለው ሰው አልነበረውም።

ሁለተኛዋ አስካለ ናት። አባቷ የግራዝማች ዱካ ፈላጊ ነበሩ። እሷም ከአባቷ ጋር ስትዞር ነው ያደገችው፤ ረግጦ ያለፈውን አውሬ ከተኛ ሣር፣ ከተፋቀ ቅርፊት፣ ከፍግ ታነባለች። ባሏ የቡና ለቀማ ብሎ ወጥቶ በዚያው ቀረ። መጀመሪያ መንገዱን ታይ ነበር፤ በኋላ ማየቱን ተወችው። ሸንተረሩ ላይ ባለች ጎጆ ብቻዋን ትኖር ነበር። «ሰው ዱካ አይተውም» ትላለች፤ «አውሬ ይሻላል።»

ሦስተኛው ወንድይፍራው ነው። ወታደር ነበር፤ ብዙ ዘመን ጠረፍ ላይ ዘበኛ ሆኖ ኖሯል። ተሰናብቶ ሲመለስ የእናቱ ጎጆ ጣሪያው ወድቆ፣ ምሰሶው ላይ ቅል በቅሎበት አገኘው። ማን ቀበራት ብሎ ቢጠይቅ የሚያስታውስ ጠፋ። የቀረው አንድ አሮጌ ምንሽር ጠመንጃና ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነበር። ጠረፍ ላይ የተማረው እሱኑ ነው፤ ምንም በሌለበት ወደ ምንም እያዩ መቀመጥ።

ሦስቱም ያሰቡት መሬቱን አልነበረም። እኔ እስከማውቀው ድረስ ማለቴ ነው፤ የሰው ሆድ ጥልቅ ነው። ሦስቱም የፈለጉት አንድ ቤት ውስጥ ገብተው «መጣህ? መጣሽ?» የሚላቸውን ሰው ነበር።

ለየብቻቸው ሞከሩ፤ አልሆነም። ጫንያለው ጨው አለው፣ ጠመንጃ የለውም። አስካለ መንገዱን ታውቃለች፣ ተኩሳ አታውቅም። ወንድይፍራው ተኩሶ አይስትም፣ አጋዘኑ የት እንዳለ ግን ምን ያውቃል? በመጨረሻ ገንዳው አጠገብ ተገናኙና አብረው ሊያድኑ ተስማሙ።

«ቀንዱስ?» አለ ወንድይፍራው።

ሁለቱ ደንግጠው አዩት። በአጋም በር አዳኞች ዘንድ አውሬው ሳይወድቅ ስለ ክፍያው ማውራት ታላቅ ነውር ነው። ገድ ይሰብራል፣ ጥይት ያከሽፋል ይላሉ።

«ወታደር ስለሆንክ ነው ይቅር የምልህ» አለችው አስካለ። «ይውደቅና እንነጋገራለን።»

እንግዲህ የነገሩ ሁሉ እንቆቅልሽ ከዚህ ጀመረ። ያን ዕለት ተነጋግረው ቢሆን ኖሮ እኔም የምነግራችሁ፣ እናንተም የምትጨቃጨቁበት አይኖርም ነበር።

ጫንያለው ሥራውን ጀመረ። ውሾቹ ያስደነገጡትን አውሬ መመለስ ቀላል አይደለም። አሞሌውን ፈጭቶ ከባቄላ ክክ ጋር አደባልቆ ገንዳው ውስጥ ይበትናል፤ ሌላውን ደግሞ እስከ ገደሉ አፍ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ ያንጠባጥባል። ልብሱን አያጥብም፣ ሽታው እንዳይለወጥ። ክረምቱ አልፎ አደይ ከፈነዳ በኋላ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሽማግሌው አጋዘን ከቁጥቋጦው ብቅ አለ። ጫንያለው ከደስታው ብዛት አለቀሰ። «ጋሼ፣ ቀሩብኝ ብዬ ነበር» አለው።

አስካለ ሥራዋን ጀመረች። አጋዘኑ ወደ ገንዳው የሚመጣው በአንድ መንገድ፣ የሚመለሰው በሌላ ነበር። የሚተኛበትን ጥላ፣ ቀንዱን የሚፈትግበትን የወይራ ግንድ፣ ውሃ የሚጠጣበትን ቋጥኝ አንድ በአንድ አገኘች። በደረቷ እየተሳበች፣ ፊቷን እሾህ እየቧጨራት። ከዚያ አንድ ሾላ ላይ ጣቷን ቀሰረች። «ማማው እዚህ ይሁን። ጠዋት ነፋሱ ከገደሉ ወደ ላይ ይነፍሳል፤ አይሸትህም። ከገንዳውም ሩቅ ነው፤ ሕጉን አንጥስም» አለችው ወንድይፍራውን።

ወንድይፍራው ሥራውን ጀመረ። ሥራው መቀመጥ ነው። ጎህ ሲቀድ ይወጣል፣ ፀሐይ ስትከር ይወርዳል፣ ማግሥቱን ደግሞ ይወጣል። ቀንድ የሌላቸው እናት አጋዘኖች ከነግልገሎቻቸው ሥሩ አለፉ፤ አልተኮሰም። ድኩላ አለፈ፤ አልተኮሰም። ጉንዳን ቆልፎ ያዘው፤ አልተንቀሳቀሰም። አንድ ማለዳ፣ ጉም ገና ገደሉ ላይ ተኝቶ ሳለ፣ ሽማግሌው አጋዘን መጣ። ወንድይፍራው ትንፋሹን ያዘና ተኮሰ።

አጋዘኑ ዘለለ፣ ተንበረከከ፣ ተነሥቶም ጫካው ውስጥ ጠፋ። ቅጠሉ ላይ ደም ቀረ። ሌላ አዳኝ ቢሆን «ዘራፍ» ይል ነበር። ወንድይፍራውም አፉን ከፈተ፤ ዙሪያውን ቢያይ የሚያጅበው ሰው የለም፤ መልሶ ዘጋው።

አስካለ የተኩሱን ድምፅ ሰምታ ደረሰች። ሁለቱ ደሙን እየተከተሉ ሸንተረሩን ወጡ። ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። ደሙ እየታጠበ ስለሄደ እሷ ጎንበስ ብላ ተራመደች፤ እሱ ከኋላዋ ጠመንጃውን በጋቢው ሸፍኖ ተከተለ። ከሸንተረሩ አናት ሲደርሱ ቀና አለችና ቆመች። ከታች የግራዝማች ቤት ይታያል።

«ጭስ የለም» አለች።

«ዝናቡ ነው» አለ ወንድይፍራው።

«ዝናብ ጭስን ያወፍረዋል እንጂ አያጠፋውም። ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት እሳታቸው ይነድዳል። አንድ ነገር ሆነዋል።»

ወንድይፍራው ወደ ቤቱ አየ፤ ወደ ደሙም አየ። «አቁስዬዋለሁ» አለ። «ያቆሰሉትን አውሬ ሲያጣጥር ጥሎ መሄድ ኃጢአት ነው። ቃልም ሰጥተናል። ያለ ቀንዱ ብንሄድ ምን ብለን ፊታቸው እንቆማለን?»

«አንተ ደሙን ተከተል። እኔ ጭሱን ልከተል።»

«ያለ አንቺ ዱካው ይጠፋኛል።»

«ያለ እኔ እሳቸውስ?» አለችና ቁልቁል ሮጠች።

እዚህ ጋ ሦስቱም ተለያዩ። እያንዳንዳቸው ያደረጉትን ለየብቻ ስሙ።

አስካለ ቤቱ ስትደርስ ግራዝማች ግቢው ውስጥ፣ የማገዶው ክምር ሥር ወድቀው አገኘቻቸው። እንጨት ሊያነሡ ወጥተው ድጡ ጥሏቸዋል። ዳሌያቸው ተሰብሯል፣ ዝናቡ ላያቸው ላይ ዘንቧል፣ ሰውነታቸው በድን ሆኗል። «ማነው?» አሉ። «አስካለ ነኝ።» «ቀንዱ ተገኘ?» «ገና ነው።» «ታዲያ ለምን መጣሽ?» አሉ ሽማግሌው። ይህ ቃል ሆዷ ገባ። አዝላ አስገባቻቸው፣ እርጥቡን ልብስ አወለቀች፣ እሳት አነደደች፣ የራሷን ነጠላ አለበሰቻቸው፣ አጥሚት አፍልታ በማንኪያ አጠጣቻቸው። ወደ ገበያ የሚያልፍ መንገደኛ ጠርታም መምሬን አስጠራች። ትንፋሻቸው እንደ መመለስ ሲል እጇን ይዘው አልለቀቋትም። እሷም ቀንዱ ከእጇ እንደ ወጣ እያወቀች አልተነሣችም።

ወንድይፍራው ዝናቡ ውስጥ ብቻውን ቀረ። ዱካ ማንበብ አያውቅም፤ ስለዚህ በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ደም ፈለገ። ቅጠል ሥር ይገለብጣል፣ ድንጋይ ሥር ያያል። አንድ ጊዜ ገደሉ አፍ ላይ አዳልጦት ተንከባለለ፤ ምንሽሩ ወንዝ ገባ፣ ቁርጭምጭሚቱ ወለቀ። መመለስ ይችል ነበር፤ የሚጠይቀው፣ የሚያፍርበት ሰው አልነበረም። «እኔ ነኝ ያቆሰልኩህ፤ ብቻህን አትሞትም» እያለ በዱላ እያነከሰ ተከተለው። ዝናቡ ካባራ በኋላ ዱካው ዞሮ ዞሮ የት ቢያደርሰው ጥሩ ነው? የጨው ገንዳው ጋ።

ጫንያለው የተኩሱን ድምፅ ሲሰማ ጎጆው ውስጥ ነበር። አልወጣም። አንድ ጎኑ «ወደቀ» ብሎ ተደሰተ፣ አንድ ጎኑ «ወደቀ» ብሎ አለቀሰ። ብዙ ቆይቶ በዝናቡ ውስጥ የኮቴ ድምፅ ሰማና በሩን ከፈተ። አጋዘኑ ሆዱ ተቀዶ፣ ምላሱ ወጥቶ፣ እየተንገዳገደ መጥቶ ገንዳው ሥር ተኛ። ሲጨነቅ የመጣው ሁልጊዜ ደግ ነገር ወደሚያገኝበት ነው። «ጋሼ፣ ምን አደረጉዎት?» አለ ጫንያለው። የአውሬውን ራስ ታቅፎ ተቀመጠ። አውሬው አይሞትም፣ አይድንም፤ ያቃስታል። ከላይ አሞራ መዞር ጀመረ። ገንዳው ላይ ደም እንዳይፈስ የግራዝማች ሕግ አለ። ጫንያለው ሕጉን ያውቃል፤ የሚያቃስተውንም ይሰማል። ካራውን አወጣ፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አለ፣ ገላገለው። ከዚያ ቀንዱን በመጥረቢያ ቆርጦ ተሸከመና ማንንም ሳይጠብቅ ወደ ግራዝማች ቤት ሄደ። ለምን አልጠበቅህም ሲሉት «እዚያ መቀመጥ አልቻልኩም» አለ። ሐዘኑ ነው ወይስ ጉጉቱ? እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም እዚያች ክፍል ተሰበሰቡ። መምሬ ጥበቡ መጥተዋል። ግራዝማች አልጋቸው ላይ ናቸው፤ ደረታቸው ውስጥ አንዳች ነገር ይንኳኳል፤ እንደማያድሩ መምሬ አይተው አውቀዋል። አስካለ እግራቸው ሥር ናት። ጫንያለው ገብቶ ቀንዱን እጃቸው ላይ አስቀመጠ።

ግራዝማች ጥምዝምዙን ከሥሩ እስከ ጫፉ በጣታቸው ተከተሉት። «እሱ ነው» አሉ። ፊታቸው በራ። «ማር አምጡ።»

መምሬ ማሩን አቀረቡ። ግራዝማች አውራ ጣታቸውን ነክረው አወጡ። በዚህ መሐል፣ ገንዳው ጋ ቀንዱ የተቆረጠውን አጋዘን አይቶ የተከተለው ወንድይፍራው ጭቃ በጭቃ ሆኖ እያነከሰ ገባ።

«መምሬ፣ አንዴ» አለ። «ያቆሰልኩት እኔ ነኝ። ደሙን ያፈሰሰ እሱ ገዳይ ነው፤ የአዳኝ ሕግ ነው። ሌላው ቢጨርሰው፣ ሌላው ቢሸከመው፣ ቀንዱ የእኔ ነው።»

እውነቱን ነው፤ ሕጉ እንደዚያ ይላል።

«ቀንዱን አምጥቶ እጄ ላይ ያስቀመጠ ነው ያሉት» አለ ጫንያለው። «እጃቸው ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ያበላሁት፣ ያለመድኩት፣ ሥቃዩንም ያሳጠርኩለት እኔ ነኝ።»

እሱም እውነቱን ነው፤ ግራዝማች በመስቀል የማሉት እንደዚያ ብለው ነው።

 መምሬ ወደ አስካለ ዞረው «አንቺስ?» አሏት።

«እኔ ቀንድ የለኝም» አለች። «እሳቸው ቀንዱን የፈለጉት ለምን እንደሆነ ግን ለእርስዎ ነግረውዎታል፣ መምሬ።»

ይህም እውነት ነው፤ ግራዝማች ቀንዱን የፈለጉት ቁጭ ብሎ የሚጠብቃቸውን ሰው ለመለየት ነው።

እንግዲህ ወደ ሙግቱ ከመግባታችሁ በፊት የእያንዳንዱን ጉድለት ደግሞ ልንገራችሁ፤ እኔ ለማንም አላዳላም። ወንድይፍራው ጭሱ እንደ ጠፋ እየተነገረው ከሰውየው አውሬውን አስበልጧል። ጫንያለው አምኖት የመጣውን አርዷል፣ የገንዳውን ሕግ ጥሷል፣ ባልደረባውን ሳይጠብቅ ሄዷል። አስካለ ደግሞ የያዘችውን አደን ጥላ ሄዳለች፤ ያደረገችውንም ለማንም ሰው ታደርገው ነበር። ጎረቤት የወደቀን ያነሣል፤ ያነሣ ሁሉ ልጅ ይሆናል እንዴ?

«ሦስቱም ይጥቡ» ብላችሁም አታምልጡኝ። ሰውየው ምለዋል፤ ጣቱም አንድ ነው።

ሦስቱም ተፋፈሩ። አንዱ ወደ ግድግዳው ዞረ፣ አንዱ መሬት መሬት አየ፣ አንዷ ነጠላ የሌለውን ትከሻዋን በእጇ ሸፈነች። ልጅ ካልሆኑ ከዚህ ቤት ወጥተው ወዴት እንደሚሄዱ እያንዳንዳቸው ያውቃሉ፤ አንዱ ወደ ባዶ ጎጆው፣ አንዷ ወደ ባዶ ጎጆዋ፣ አንዱማ ጎጆም የለው። ቤቱ ጸጥ አለ። ማሩ ከሽማግሌው ጣት ወደ አንጓቸው መውረድ ጀመረ።

ግራዝማች ጆሯቸውን አቀኑ። የሚሰማ ነገር የለም።

«መምሬ» አሉ፤ «ሰዎቹ ሄዱ እንዴ? ማንም የለም?»

«አለን» አሉ ሦስቱም በአንድ ላይ።

ግራዝማች ጣታቸውን ወደ ድምፁ ዘረጉ፤ ድምፁ ግን ከሦስት በኩል ነበርና እጃቸው መሐል ላይ ቆመ። «የትኛው ነህ?» አሉ። «ቶሎ በል፣ ልጄ፤ እጄ ከበደኝ።»

መምሬ ጥበቡ ያንን እጅ አንጓው ላይ ያዙት። ወደ አንዱ አፍ መምራት የእሳቸው ነው፤ የግራዝማች ትንፋሽ ደግሞ እያለቀ ነው።

ከዚህ በላይ አልነግራችሁም። ስለ ተረቴ ዳቦ አልጠይቃችሁም፤ ፍርድ ነው የምጠይቃችሁ። ያን እጅ የያዛችሁት እናንተ ብትሆኑ፣ ማሩ የሚገባው ለየትኛው ነው?